ሥልጣን ሳይኖር መሟገት፡ የአውስትራሊያ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞችና የተቃዋሚው ሴናተር

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2017፣ ከአዴሌድ ከተማ በስተ ሰሜን በምትገኘው በኤልዛቤት፣ የሆልደን ፋብሪካ የመጨረሻውን መኪና አምርቶ በሩን ዘጋ። በዚያች ዕለት 950 ያህል ሠራተኞች ከሥራ ገበታቸው ተሰናበቱ። ፎርድ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ቶዮታም በዚያው ወር መጀመሪያ ማምረቻቸውን ዘግተው ነበር። በመሆኑም በአውስትራሊያ ምድር መንገደኛ የሚያመላልሱ መኪኖችን በብዛት የማምረት ታሪክ በዚያች ዕለት ተደመደመ።

ከዚህ መዘጋት በፊት በነበሩት አራት ዓመታት በአገሪቱ ፓርላማ ውስጥ ረጅም ሙግት ተካሂዷል። ከሙግቱ ዋና ተዋናዮች አንዱ በተቃዋሚው ወገን የተቀመጡት የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሴናተር ኪም ካር ነበሩ። ሴናተሩ ፋብሪካዎቹን ከመዘጋት ማዳን አልቻሉም። ይሁን እንጂ ሙግታቸውና የባልንጀሮቻቸው ሙግት ከንቱ አልቀረም። ሥልጣን የሌለው ሰው ለሌላው ሲሟገት ምን ማዳን ይችላል? ምንስ ማዳን አይችልም? ይህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በዚህ ታሪክ አማካይነት ለመመርመር ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን በቅድሚያ እናሳስባለን።

ፋብሪካዎቹ እንዴት ቆሙ፣ ለምንስ ወደቁ?

የፎርድ ኩባንያ በጂሎንግ ከተማ ሥራ የጀመረው በ1925 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1948፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ቺፍሊ የመጀመሪያውን የሆልደን መኪና በሜልበርን ለሕዝብ አስተዋወቁ። ሆልደን የአሜሪካው የጄኔራል ሞተርስ ንብረት ቢሆንም፣ የአገሬው ሰው እንደ ራሱ ልጅ ያየው ነበር። ቶዮታም ከ1963 ጀምሮ በአውስትራሊያ ማምረት ጀመረ። ከጦርነቱ በኋላ ከብሪታንያ፣ ከጣልያን፣ ከግሪክ፣ ቆይቶም ከቱርክ፣ ከሊባኖስና ከቬትናም የመጡ ስደተኞች እነዚህን ፋብሪካዎች ሞሉ። እንግሊዝኛ በቅጡ ያልተናገረ ሰው በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ቆሞ ቤት ሠርቷል፤ ልጆቹንም አስተምሯል። በ1955 የተቆረቆረችው ኤልዛቤትም ኑሮዋን ከሆልደን ፋብሪካ ጋር አስተሳስራ ያደገች ከተማ ናት።

ይህ ኢንዱስትሪ የቆመው ከፍ ባለ የቀረጥ ግድግዳ ተከልሎ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከውጭ በሚገባ መኪና ላይ የሚጣለው ቀረጥ 57.5 በመቶ ይደርስ ነበር። በ1984 የኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ ጆን በተን ያወጡት ዕቅድ ይህን ግድግዳ ቀስ በቀስ የማፍረስ ሥራ ጀመረ። ቀረጡ በየጊዜው እየወረደ በ2010 ወደ 5 በመቶ ደረሰ። ከዚህም ሌላ በ2005 ከታይላንድ ጋር የተደረገው የነጻ ንግድ ስምምነት በዚያ አገር የሚመረቱ መኪኖች ያለ ቀረጥ እንዲገቡ በር ከፈተ።

በዚህ ላይ የገንዘቡ ዋጋ ታከለበት። አውስትራሊያ ማዕድኗን ለውጭ ገበያ በከፍተኛ ዋጋ በምትሸጥበት ወቅት የአገሪቱ ዶላር ጠነከረ፤ በ2011 ከአሜሪካ ዶላር በልጦ ተገኘ። የገንዘብ መጠንከር ለገዢው ደስታ ቢሆንም ለላኪው መከራ ነው። በሜልበርን ምዕራባዊ ክፍል በአልቶና የሚገኘው የቶዮታ ፋብሪካ ከምርቱ አብዛኛውን የሚልከው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ነበር፤ ምናልባት በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ከተሳፈሩባቸው ካምሪ መኪኖች ከዚያ የመጡ ይኖሩ ይሆናል። የአውስትራሊያ ዶላር ሲወደድ ያው መኪና በውጭ ገበያ ተወደደ፤ ወይም ኩባንያው ኪሳራውን በራሱ ተሸከመ።

የመኪና ፋብሪካ ሕይወቱ ብዛት ነው። ለአንድ አዲስ ሞዴል የሚያስፈልገው የብረት መቅረጫና የቀለም ክፍል ወጪ 100 ሚሊዮን ዶላር ነው ብለን እናስብ። በዓመት 200,000 መኪና የሚያመርት ፋብሪካ ይህን ወጪ በአንድ ዓመት ምርት ላይ ቢያከፋፍለው በአንዱ መኪና ላይ 500 ዶላር ይደርሳል። 50,000 ብቻ የሚያመርተው ግን በአንዱ ላይ 2,000 ዶላር ይጭናል። በአውስትራሊያ በ2013 ከ1.1 ሚሊዮን በላይ አዲስ መኪኖች ቢሸጡም፣ ገዢው ከ60 በላይ በሚሆኑ የመኪና ስሞች መካከል ይመርጥ ነበር፤ ከተሸጡት ውስጥ በአገር የተመረቱት ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ገበያው ተበጣጠሰ፤ ለእያንዳንዱ ፋብሪካ የቀረው ድርሻ ወጪውን የሚሸፍን አልሆነም።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሦስቱ ኩባንያዎች መቀመጫ፣ መስተዋት፣ የብሬክ ዕቃና የፕላስቲክ ክፍሎችን የሚገዙት በአብዛኛው ከተመሳሳይ አቅራቢዎች ነበር። አንዱ ኩባንያ ሲወጣ አቅራቢው ገበያውን ያጣል፤ አቅራቢው ሲደክም ደግሞ የቀሩት ኩባንያዎች ዕቃ ይወደድባቸዋል። በሦስት እግር የቆመ ምጣድ አንዱ ጉልቻ ሲነሣበት በሁለቱ እንደማይቆም ማለት ነው። ፎርድ እንደሚዘጋ በሜይ 2013 አስታወቀ፤ ሆልደን በዲሴምበር፤ ቶዮታም በፌብሩዋሪ 2014 ተከተለ።

በዲሴምበር የተፈጸሙ ሁለት ቀናት

በሴፕቴምበር 2013 በተደረገው ምርጫ ሌበር ፓርቲ ተሸነፈ፤ በቶኒ አቦት የሚመራው የሊበራልና የናሽናል ፓርቲዎች ጥምረት መንግሥት መሠረተ። ጥምረቱ ገና በምርጫው ዘመቻ ላይ ሳለ ለመኪና ኢንዱስትሪ ከተመደበው ድጋፍ 500 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀንስ አስታውቆ ነበር። እስከ ምርጫው ዕለት የኢንዱስትሪ ሚኒስትር የነበሩት ኪም ካር በአንድ ቀን ከሚኒስትርነት ወደ ተቃዋሚ ወንበር ተዛወሩ፤ በዚያም የፓርቲያቸው የኢንዱስትሪ ጉዳዮች ተጠሪ ሆኑ።

ዲሴምበር 10 ቀን የሆልደን ሥራ አስኪያጅ በመንግሥት አጥኚ ኮሚሽን ፊት ቀርበው ስለ ኩባንያው ዕጣ ውሳኔ እንዳልተሰጠ ተናገሩ። በዚያው ዕለት የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆ ሆኪ በፓርላማው ቆመው ኩባንያው መቆየቱን ወይም መሄዱን ቁርጡን እንዲያሳውቅ በኃይለ ቃል ጠየቁ። በማግሥቱ ዲሴምበር 11 ቀን ጄኔራል ሞተርስ በ2017 ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። 2,900 ያህል የሥራ ቦታዎች እንደሚታጠፉ ተነገረ፤ ከእነዚህም 1,600ው በደቡብ አውስትራሊያ፣ 1,300ው በቪክቶሪያ ነበሩ።

ካርና ፓርቲያቸው መንግሥት ኩባንያውን ገፍቶ አስወጥቷል ሲሉ ከሰሱ። ኩባንያው በበኩሉ ምክንያቱ የገንዘቡ መጠንከር፣ የማምረቻ ወጪው ከፍተኛነት፣ የአገር ውስጥ ገበያው ጠባብነትና ፉክክሩ መሆኑን ገለጸ። እውነቱ ከሁለቱም ዘንድ ይገኛል ብለን እናምናለን። ከላይ ያየነው የብዛት ስሌት በአንድ ሚኒስትር ንግግር የሚመጣ ወይም የሚሄድ አይደለም። ነገር ግን በችግር ላይ ያለን ሰው ቁርጥህን ተናገር ብሎ በአደባባይ ማስጨነቅ መልሱን ያፋጥናል እንጂ አያሳምርም።

የተቃዋሚ እንደራሴ መሣሪያ ምንድን ነው?

ተቃዋሚ እንደራሴ በጀት አይመድብም፤ መመሪያ አያወጣም፤ ኩባንያንም ጠርቶ ውል አይፈራረምም። ታዲያ በእጁ ምን አለ?

አንደኛው መሣሪያው ድምፅ ነው። የአውስትራሊያ ፓርላማ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። መንግሥት የሚመሠረተው በተወካዮች ምክር ቤት በሚገኝ አብላጫ ድምፅ ነው። በሁለተኛው ምክር ቤት፣ በሴኔት፣ 76 መቀመጫዎች አሉ፤ ስድስቱ ክፍላተ ግዛት እያንዳንዳቸው 12፣ ሁለቱ የፌዴራል ግዛቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 2 ሴናተሮች ይልካሉ። ማንኛውም ሕግ በሁለቱም ምክር ቤቶች ማለፍ አለበት። ከጁላይ 2014 ጀምሮ መንግሥት በሴኔት የነበሩት መቀመጫዎች 33 ብቻ ነበሩ፤ ሕግ ለማሳለፍ ግን 39 ያስፈልገዋል። ሌበር 25፣ አረንጓዴዎቹ 10፣ ሌሎች አነስተኛ ፓርቲዎችና የግል ተመራጮች 8 መቀመጫዎች ነበሯቸው። ስለዚህ ተቃዋሚው ብቻውን ሕግ ማውጣት ባይችልም፣ ከሌሎች ጋር ከተባበረ ሕግ እንዳይወጣ ማድረግ ይችል ነበር።

ሁለተኛው መሣሪያ ጥያቄ ነው። ሴናተሮች በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ የመንግሥት ኃላፊዎችን ጠርተው ስለ እያንዳንዱ ወጪ ይመረምራሉ። ለመሥሪያ ቤቱ የተመደበው ገንዘብ ምን ያህል ወጣ? ምን ያህል ቀረ? ለሠራተኞች ሥልጠና የተያዘው መቼ ይጀመራል? መልሱ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ጋዜጠኛም የሠራተኛ ማኅበርም ያነበዋል። በጓዳ ሊቀር ይችል የነበረ ነገር ወደ አደባባይ ይወጣል።

ሦስተኛው መሣሪያ ዕውቀት ነው፤ በካር ሁኔታ ይህ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ነበረው። ካር ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ከ1993 እስከ 2022 በሴኔት ቆይተዋል። በ2007 ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ በመኪና ኢንዱስትሪው ላይ ጥናት አስጠኑ፤ በኖቬምበር 2008ም መንግሥታቸው 6.2 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ይፋ አደረገ። የኋላው ሙግት ያተኮረበት የድጋፍ መርሐ ግብር የዚህ ዕቅድ ፍሬ ነበር። ስለሆነም ተቃዋሚ ሆነው ሲከራከሩ የሕጉን አንቀጽ ከነትርጉሙ ያውቁት ነበር።

የሌላው ወገን እውነት

የአንዱን ወገን ሙግት ብቻ ማቅረብ ለአንባቢ ፍትሕ አይሆንም። መንግሥት ለዚህ ኢንዱስትሪ ገንዘብ መስጠቱን እንዲያቆም የተከራከሩ ሰዎች ልበ ደንዳና ስለሆኑ አልነበረም። የመንግሥት አጥኚ ኮሚሽኑ በ2014 ባቀረበው ዘገባ ከ1997 እስከ 2012 ድረስ ለኢንዱስትሪው የተሰጠው ድጋፍ 30 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሆነ አስልቷል። ይህ ገንዘብ የተሰበሰበው ከሌላው ሠራተኛ ግብር ነው። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲዘጋ ያልተደገፈች ሴት ለመኪና ሠራተኛው ለምን ትከፍላለች? ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም።

የካር ፓርቲም ራሱ ያልተሳሳተበት መንገድ አልነበረም። ለአነስተኛ ነዳጅ ፈጂ መኪኖች ተብሎ የተመሠረተውን 1.3 ቢሊዮን ዶላር ፈንድ በጃንዋሪ 2011 የሰረዘው የራሱ የሌበር መንግሥት ነው፤ ምክንያቱም በኩዊንስላንድ ለደረሰው ታላቅ የጎርፍ አደጋ መልሶ ግንባታ ገንዘብ ማስፈለጉ ነበር። በማርች 2012 ደግሞ የፌዴራሉና የሁለት ክፍላተ ግዛት መንግሥታት ሆልደን እስከ 2022 እንዲቆይ የ275 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ቃል ገቡ። ኩባንያው ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቁርጡን ተናገረ። ከዚህ የምንረዳው፣ ገንዘብ ብቻውን ማንንም አስሮ እንደማያስቀር ነው።

ይሁን እንጂ ያው አጥኚ ኮሚሽን በፋብሪካዎቹና በአቅራቢዎቻቸው መዘጋት እስከ 40,000 ሰዎች ሥራቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ገምቷል። ካርና ሌሎች ተሟጋቾች አጥብቀው የያዙት ይህን ቁጥር ነው። ኩባንያዎቹ ለመሄድ ከወሰኑ በኋላ ጥያቄው ኢንዱስትሪው ይኑር ወይስ ይጥፋ የሚል አልነበረም። ጥያቄው 40,000 ሰው በደረጃ ይውረድ ወይስ ከገደል ይወርወር የሚል ሆነ።

የ900 ሚሊዮኑ ሙግት

ዋናው ፍልሚያ የተደረገው በአንድ ሕግ ላይ ነው። የአውቶሞቲቭ ትራንስፎርሜሽን ስኪም የተባለው መርሐ ግብር በ2011 ተጀምሮ እስከ 2020 እንዲዘልቅ የታቀደ ነበር። ገንዘቡ ለኩባንያዎች የሚከፈለው ባመረቱት ምርት፣ ለማሽን ባወጡት ወጪና ለምርምር ባዋሉት መጠን እየተሰላ ነው። ዋናዎቹ መኪና አምራቾች ብቻ ሳይሆኑ በስም የማይታወቁት አቅራቢዎችም የድጋፉ ተካፋዮች ነበሩ።

በ2014 መንግሥት ከዚህ መርሐ ግብር 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚቀንስና መርሐ ግብሩ በጃንዋሪ 1 ቀን 2018 እንዲያበቃ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። በላይ ላይ ሲታይ ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስላል፤ መኪና የሚያመርት ከሌለ ለመኪና አምራች ድጋፍ ለምን ይቀጥላል? ነገር ግን አቅራቢዎቹ ያሉበትን ቦታ እንመልከት። ለሆልደንና ለቶዮታ ዕቃ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ፋብሪካ እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ ያንኑ ዕቃ ማቅረብ አለበት፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ ለሕክምና መሣሪያ፣ ለባቡር፣ ለግብርና ማሽን ወይም ለውጭ አገር መኪና አምራች የሚሆን አዲስ ምርት ማዘጋጀት ይኖርበታል። አዲስ ማሽን የሚገዛበት፣ ሠራተኛውንም የሚያሠለጥንበት ጊዜ ይህ ነው። ድጋፉ አሁን ከተቀነሰ ፋብሪካው ከታቀደው ቀን በፊት ይወድቃል፤ እርሱ ሲወድቅ ደግሞ ዋናዎቹ ኩባንያዎች ከ2017 በፊት ሊዘጉ ይችላሉ። ሌበር፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የአቅራቢዎች ማኅበር የተከራከሩት በዚህ መልክ ነበር።

በዚህ ሙግት ውስጥ ካር ብቻቸውን አልቆሙም። የደቡብ አውስትራሊያው የግል ተመራጭ ሴናተር ኒክ ዜኖፎን ከሌበር ፓርቲ ጋር በብዙ ጉዳይ የማይስማሙ ቢሆኑም በዚህ ጉዳይ ድምፃቸው አንድ ሆነ። ረቂቁ በሴኔት ሊያልፍ አልቻለም። በማርች 2015 መንግሥት ሐሳቡን ማንሣቱን አስታወቀ። ከተቃዋሚ ወንበር የተገኘው ትልቁ ድል ይህ ነው፤ አዲስ ነገር አልተሰጠም፤ አስቀድሞ በሕግ የተገባው ቃል ግን ሳይነጠቅ ቀረ።

በተመሳሳይ መንገድ ሌላ ሙግት ነበር። በአውስትራሊያ ሕግ አሠሪው ከስሮ ሲዘጋና ለሠራተኛው የሚከፍለው ሲያጣ፣ መንግሥት የተወሰነውን የሥራ ስንብት ክፍያ ይሸፍናል፤ ይህም ሠራተኛው ባገለገለበት በየአንዳንዱ ዓመት እስከ 4 ሳምንት ደመወዝ ይደርሳል። መንግሥት በ2014 ይህ ክፍያ በጠቅላላው ከ16 ሳምንት እንዳይበልጥ የሚገድብ ረቂቅ አቅርቦ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ለሆልደን ሠራተኛ ይህ ብዙም አያሳስበውም፤ አሠሪው ባለጸጋ ኩባንያ ነውና። ሃያ ዓመት በትንሽ የፕላስቲክ ፋብሪካ ለሠራና አሠሪው አንድ ቀን ማለዳ በሩን ለቆለፈበት ሰው ግን ልዩነቱ በ80 ሳምንትና በ16 ሳምንት ደመወዝ መካከል ያለ ነው።

ሠራተኞቹ ምን ሆኑ?

የሙግቱን ዋጋ የሚለካው የሰዎቹ ኑሮ ነው። የትልልቆቹ ኩባንያዎች ሠራተኞች መዘጋቱን ከሦስት እስከ አራት ዓመት አስቀድመው አወቁ። ይህ ጊዜ ራሱ ትልቅ ሀብት ነበር። ብዙዎች ዕዳቸውን ቀነሱ፤ ሌሎች በሥራ ሰዓታቸው መካከል በፋብሪካው ውስጥ በተከፈቱ የምክርና የሥልጠና ክፍሎች ተጠቀሙ። ፌዴራል መንግሥት፣ ሁለቱ ክፍላተ ግዛትና ኩባንያዎቹ ያዋጡት 155 ሚሊዮን ዶላር ፈንድም ተቋቋመ፤ ከዚህ ውስጥ ሆልደንና ቶዮታ እያንዳንዳቸው 15 ሚሊዮን ዶላር ለሠራተኞቻቸው ሥልጠና ሰጥተዋል።

ይህ ሁሉ ያስፈለገበት ምክንያት ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። ሚትሱቢሺ በ2008 በአዴሌድ የነበረውን ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ከሥራ የወጡትን ሰዎች የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ውጤት አሳሳቢ ነበር። ከሦስት አንድ እጅ ያህሉ ሙሉ ሥራ አገኙ፤ አንድ እጅ ያህሉ በጊዜያዊ ወይም በጥቂት ሰዓት ሥራ ላይ ወደቁ፤ ቀሪው አንድ እጅ ከሥራ ውጭ ሆነ። ሥራ አገኘ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ቋሚ ደመወዝና የጡረታ ዋስትና የነበረው የሃምሳ ዓመት ሰው ዛሬ ሲጠሩት የሚሄድ፣ ካልጠሩት እቤቱ የሚውል የመጋዘን ጫኝ ሲሆን በመዝገብ ላይ የሚጻፈው ሥራ እንዳለው ነው። ቤት ለመግዛት ባንክ ሲሄድ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

ከሁሉ የተጎዱት የአቅራቢ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ነበሩ። የመዘጊያቸው ቀን በቴሌቪዥን አይነገርም፤ የመጨረሻውን ዕቃቸውን ለማየትም ካሜራ አይመጣም። በሜልበርን ሰሜንና ምዕራብ፣ እንዲሁም በዳንዲኖንግ አካባቢ ባሉት በእነዚህ ፋብሪካዎች ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ብዙ ስደተኞች ይሠሩ ነበር። ከአልቶና ብዙም የማይርቀው ፉትስክሬይ ደግሞ የኢትዮጵያውያን መሰባሰቢያ በመሆኑ በብዙዎቻችን ዘንድ ይታወቃል። አዲስ መጤ ሰው ቋንቋውን ሳያውቅ ሊገባበት የሚችል፣ በማኅበር የተደራጀና ደኅና ደመወዝ ያለው የሥራ በር በዚያ አካባቢ ሲጠብብ፣ ጉዳቱ ከሥራ በወጡት ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ገና ወደዚያ ለሚሄዱትም ይተርፋል።

እዚህ ላይ የድሉን ጉድለት መሸሸግ አይገባም። 900 ሚሊዮኑ ቢተርፍም ሕጉ የተጻፈው ለመኪና አምራችና ለአቅራቢው ነበር። አንድ አቅራቢ መኪና የሚገዛው ደንበኛ ሲያጣና ወደ ሌላ ምርት ሲዞር ለድጋፉ የሚያበቃውን መስፈርት እያጣ ሄደ። ተሟጋቾቹ ገንዘቡ ወደ አዲስ ሥራ ለሚዞሩ አቅራቢዎች በሰፊው እንዲከፈት ደጋግመው ቢጠይቁም፣ ከተያዘው ገንዘብ ብዙው ሳይወጣ ቀረ። ሴኔቱ መንግሥት ገንዘቡን እንዳይነጥቅ መከልከል ይችላል፤ ገንዘቡን በማስተዋል እንዲያወጣ ማስገደድ ግን አይችልም። የተቃዋሚ ኃይል ድንበር ይህ ነው።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

በልማት ሥራ የተሠማራን ሰዎች ተሟጋችነት የሚለውን ቃል በየሥልጠናው እንሰማለን፤ እኛም እናስተምራለን። ብዙ ጊዜ የምናስበው ግን መሟገት ማለት የማይፈለገውን ነገር ማስቀረት እንደሆነ ነው፤ ካላስቀረን እንደተሸነፍን እንቆጥራለን። ከላይ ያየነው ታሪክ ይህን አስተሳሰብ እንድናርም ይረዳናል።

በመጀመሪያ፣ ውሳኔውን ማስቀረት ባይቻል ጊዜን ማትረፍ ይቻላል። ነገ ሥራህ ያበቃል መባልና ከሦስት ዓመት በኋላ ያበቃል መባል አንድ አይደሉም። ፕሮጀክት የሚዘጋበትን ቀን ለማኅበረሰቡ አስቀድሞ መንገር እንደ ቸርነት ሳይሆን እንደ ዕዳ ሊታይ ይገባል፤ ይህን ከማንም በፊት ለራሳችን እንናገራለን።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የተገባን ቃል መጠበቅ አዲስ ቃል ከማስገባት የቀለለ ባይሆንም ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠቅማል። ለዚህም ዝርዝሩን ማወቅ ግድ ነው። ሕጉን፣ በጀቱንና የክፍያውን ስሌት የማያውቅ ተሟጋች ጩኸቱ ቢበዛም የሚይዘው ነገር የለውም። ኪም ካር የተሰሙት ድምፃቸው ስለጎላ ብቻ ሳይሆን ሰነዱን ስለሚያውቁት ነበር።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ከማይመስለን ሰው ጋር በአንድ ጉዳይ መቆም ድካም አይደለም። 25 መቀመጫ የነበረው ፓርቲ ብቻውን ምንም አያስቀርም ነበር፤ በሌላ ጉዳይ የሚቃረኑትን ሰዎች ይዞ ግን አስቀረ።

በመጨረሻም፣ ለማን እንደምንሟገት ደጋግመን ልንጠይቅ ይገባል። የሆልደን ስም በአደባባይ ሲጠራ የትንሹ ፋብሪካ ሠራተኛ በጥላው ተሸፍኖ ነበር። በየሥራችን ውስጥም ስሙ የሚጠራና ስሙ የማይጠራ ተጎጂ አለ። ስብሰባ የሚመጣ፣ ቅጽ የሚሞላና ፎቶግራፍ የሚነሣ አለ፤ ከእርሱ ሥር ሆኖ በእርሱ የሚኖር፣ እርሱ ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ፣ ግን በማንም መዝገብ ያልሰፈረ ሌላ ሰው ደግሞ አለ።

ዛሬ በኤልዛቤትና በብሮድሜዶስ የነበሩት ፋብሪካዎች ለሌሎች ድርጅቶች የሥራ ቦታ ሆነዋል። የሆልደን ስም ራሱ በ2020 ከገበያ እንደሚወጣ ተነገረ። ኪም ካርም በ2022 ከሴኔት ተሰናበቱ። ከሙግቱ የቀረው ሐውልት የለም። በአንዳንድ ቤት ግን ዕዳው የተከፈለ መኖሪያ፣ ተምሮ የወጣ ልጅ፣ ሳይጎድል የተከፈለ የስንብት ገንዘብ አለ። ሥልጣን የሌለው ተሟጋች የሥራውን ፍሬ የሚያየው በእነዚህ ቤቶች ነው፤ ያልደረሰላቸውን ቤቶች መቁጠርም የሥራው ግማሽ ነው።